ሚስቱ የፈታችው ካምቢዮ

ሰፈሩ «ጆሮ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ታክሲ ነጂዎች ናቸው። አንድ መኪና ገና ከዋናው መንገድ ታጥፎ ወደ ጋራዡ ሲመጣ፣ እሱ ሌላ መኪና ስር በጀርባው ተኝቶ «የሦስተኛ ማርሽህ ጥርስ አልቋል፣ አቁመው!» ብሎ ይጮሃል። ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። የተሳሳተ ቀን ደግሞ ጥፋቱ የመኪናው ነው።

ጋራዡ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ሦስት መኪና ተጠጋግቶ የሚቆምበት፣ ወለሉ ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ ነው። በሩ አጠገብ መለዋወጫ የሚሸጥባት ጠባብ ክፍል አለች፤ እዚያ የምትቀመጠው ሚስቱ ነበረች። ደንበኛ ትቀበላለች፣ ብሎን ትለቅማለች፣ እሱ የፈታውን በናፍጣ ታጥባለች። እሱ ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ይመሰገናል። ለዓመታት ሁለቱም በዚህ ተስማምተው ኖሩ፤ ወይም እሱ ተስማምተናል ብሎ ኖረ።

ከዚያ አውቶማቲክ መኪና በዛ። አንድ የመኪና አስመጪ ለሰፈር መካኒኮች የአውቶማቲክ ካምቢዮ፣ የማርሽ ሳጥን ማለት ነው፣ ስልጠና አዘጋጀና ጥሪው ለጆሮ ደረሰው። ጆሮ ሳቀ።

«አውቶማቲክ የሰነፍ መኪና ነው፤ ፍሪሲዮን መርገጥ የደከመው ሰው የሚገዛው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ እስክሪብቶ ይዤ ልቀመጥ?» አለና ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ ሂጂ። ወረቀቱን ይዘሽልኝ ነይ፣ ግድግዳው ላይ እንሰቅለዋለን። ለደንበኛ ያምራል።»

ሄደች። በገዛ አፉ ነው የላካት። መካድ ቢችል ይክድ ነበር።

ወረቀቱም መጣ፣ ተሰቀለም። ችግሩ ወረቀቱ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ሚስቱ አሮጌ ብረት ከሚሸጥ ሰው የሞተ አውቶማቲክ ካምቢዮ ገዝታ ቤት አስገባችና ራት የሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ትፈታው ጀመር። ዘይቱ የሚመላለስበት ሳህን ሲከፈት ጠመዝማዛ መንገድ ብቻ ነው፤ በየመንገዱ ትናንሽ ቫልቮች፣ ሽቦዎች፣ የሽንብራ ፍሬ የሚያካክሉ ኳሶች አሉ። መጀመሪያ ስትገጥመው አንድ ሽቦ ተረፋት። ፈታችው። በሁለተኛው አንዲት ኳስ ተረፈች። እንደገና ፈታችው። ምንም ያልተረፋት ቀን ብቻዋን ስታጨበጭብ ጆሮ አጠገቧ ሰሃኑን ጭኑ ላይ አድርጎ እየበላ ነበር። «ጠረጴዛችን መቼ ነው የሚመለስልን?» አላት።

ብዙም ሳይቆይ ደንበኞች በሩ ላይ ቆመው «ዶክተሯ አለች?» ማለት ጀመሩ። መጀመሪያ ቀን ጆሮ ቀልድ መስሎት አብሯቸው ሳቀ። በኋላ ግን ቃሉ እንደ ቃር ደረቱ ላይ ይቆምበት ጀመር። ሰዎቹ እሱን አልፈው፣ አንዳንዱም እጁን እንኳ ሳይጨብጠው፣ ወደ እሷ ይሄዳሉ። እሷ ደግሞ ቁልፍ ከማንሳቷ በፊት ትጠይቃለች። ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ? ዳገት ላይ ነው ሜዳ ላይ? ማርሹ ሲቀየር ይገፋችኋል ወይስ ሞተሩ ብቻ ይጮሃል? ዘይቱን በጣቷ ነክታ ታሸታለች፣ ኮምፒውተሯን ትሰካለች፣ ከመኪናው ባለቤት ጋር ወጥታ ነድታ ትመለሳለች። ይህ ሁሉ ጥያቄ ለጆሮ እንደ ልመና ነበር። መካኒክ ማለት ለእሱ ሳይጠይቅ የሚያውቅ ነው።

ቅናት እንደያዘው ሰፈሩ ወዲያው ነቃ። ምን ዓይነት ቅናት እንደሆነ ግን አልገባቸውም። ጎማ ጠጋኙ ጎረቤቱ አንድ ቀን ወደ ጎን ስቦት፣ «ከወንድ ጋር መኪና ልትሞክር ስትወጣ ከፍቶህ ነው አይደል? ለምን ሽማግሌ አይመክራትም?» አለው። ጆሮ ምነው እሱ በሆነ ብሎ ተመኘ። ለዚያማ ሽማግሌ አለው። ሚስቴ በሙያዬ በለጠችኝ ብሎ ሽማግሌ የሚሰበስብ ወንድ ግን የት ይገኛል?

ይባስ ብሎ የአስመጪው ትልቁ ጋራዥ እሷን ሊቀጥር ፈለገ። ራት ላይ ነገረችው።

«መልስ አልሰጠሁም» አለችው። «እኔ እዚሁ ከአንተ ጋር ብሰራ ነው የምወደው። ግን አብረን ከሆነ ነው። ኩርፊያህን እየቆጠርኩ አልኖርም።»

«እንደፈለግሽ» አለ ጆሮ። እውነቱን ለመናገር እንድትሄድ አልፈለገም፤ ያለ እሷ ያንን በር ከፍቶ ሲገባ ሊታየው አልቻለም። ደንበኛው ግን እሷን ትቶ ወደ እሱ እንዲዞር ይፈልጋል። ሁለቱን ባንድ ላይ እንዴት እንደሚያገኝ አላሰበበትም። ቅናት ለማሰብ ፋታ አይሰጥም።

በዚሁ መሀል የሰፈሩ መድኃኒት ቤት ባለቤት የሆነች ሴት ነጭ መኪና መጣች። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስትቀይር ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትስብም። ጆሮ ከሩቅ ሰምቶ «የፍሪሲዮን ሸራው ነዷል፣ ካምቢዮው ይውረድ» አለ። ሚስቱ ጠየቀች፣ ነዳች፣ አሸተተች። ዘይቱ ንጹህ ነው፣ የመቃጠል ሽታ የለውም። ካምቢዮውን ሳታወርድ ከስር ሳህኑን ብቻ ከፍታ፣ በብረት ደቃቅ የተያዘ አንድ ቫልቭ አገኘች። አጠበችው፣ ገጠመችው፣ አዲስ ዘይት ሞላች፣ ለካች። መኪናዋ እንደ ውሃ ሄደች። የመኪናዋ ባለቤት በማግስቱ ጠዋት ልትወስዳት ቀጠሮ ያዘች፤ ያን ዕለት ሚስቱ ጎማ ለመግዛት ወጣች፤ ጆሮ ብቻውን ከመኪናዋ ጋር ቀረ።

የመኪናዋን ክዳን የከፈተው ምን ሊያይ እንደሆነ ራሱም አያውቅም። የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ሳበ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ መልሶ ነከረና አወጣ። ዘይቱ ከምልክቱ በጣም አልፎ ወጥቷል። ጆሮ ደስ አለው። ዝም ብሎ ደስ አላለውም፤ ልቡ ዘለለ። ዶክተሯ ዘይት መለካት አታውቅም! በሲሪንጅና በቀጭን ጎማ እየሳበ ዘይቱን ምልክቱ ላይ እስኪደርስ ቀነሰው። ለማንም አልተናገረም። እንዲህ ያለ ነገር ሰው በተሰበሰበበት ነው የሚነገረው። ጠዋት የመኪናዋ ባለቤት መጥታ አመስግናቸው ወሰደቻት።

ከሰዓት በኋላ መኪናዋ በሌላ መኪና ተጎትታ ተመለሰች። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይንቀሳቀስም፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ፊቷ ጠቁሯል። ሚስቱ ሞተሩን አስነሳችና መለኪያውን ሳበች። ደረቅ ነው። መኪናዋ ስር ተንበርክካ አየች፤ የፈሰሰ ጠብታ የለም።

«ዘይቱ የት ገባ?» አለች።

ጎታቹ ቆሟል፣ ጎማ ጠጋኙ ጩኸት ሰምቶ መጥቷል። ጆሮ የጠበቀው ቀን መጣ።

«እኔ ነኝ የቀነስኩት!» አለ ደረቱን ነፍቶ። «እስከ አፉ ሞልተሽው አይደል እንዴ! ሳላየው ብቀር ምን ሊሆን ነበር? ከቀነስኩትም በኋላ ይኸው ተበላሸ።»

ሚስቱ ቀስ ብላ ቀና አለች። «ስትለካው ሞተሩ ጠፍቶ ነበር?»

«ታዲያ ዘይት ሞተር እየሰራ ይለካል?»

 ጎታቹ ሳቁን ሊውጥ ፊቱን አዞረ፤ ጎታች እንኳ የሚያውቀው ነገር ኖሯል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ጆሮ ምን እንዳጠፋ ገና ባይገባውም እንዳጠፋ ገባው። ሚስቱ ወደ መኪናዋ ባለቤት ዞረች።

«ጥፋቱ የእኛ ነው። ምንም ሳትከፍዪ እናስተካክለዋለን» አለች።

የእኛ አለች። ጆሮ በዚህችም ቃል ቀና፤ እሱ በእሷ ቦታ ቢሆን የእሷ ይል ነበር።

አሁን ካምቢዮው መውረድ ነበረበት። አወረዱት። እሷ ፈታች፣ እሱ መብራት ያዘላት። ሸራዎቹ ከስለው እንደ ተቃጠለ ዳቦ በጣት ይፈረፈራሉ። አንድ በአንድ አውጥታ ጨርቅ ላይ ደረደረቻቸው።

«ሞተሩ ሲሰራ» አለች ቀና ሳትል፣ «ፓምፑ ዘይቱን ወደ ላይ ይስበዋል፣ በየመንገዱ ይሞላዋል። ሲጠፋ ያ ሁሉ ተመልሶ ወደ ታች ይወርዳል። ለዚህ ነው በዝቶ ያየኸው። የሞተር ዘይት መስሎህ ነው።»

በጣም ቀላል ነበር። ጆሮን ያቃጠለውም ይኸው ነው፤ ልጅ ሊገባው የሚችል ነገር ነው፣ እሱ ግን አላወቀውም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። ቁልፉን አስቀመጠችና አየችው። «መሳሳትማ ማንም ይሳሳታል። እኔ ስንቴ ሽቦ ተርፎኝ እንደገና ፈታሁ። ግን ዘይቱን በዝቶ ስታየው ደስ አለህ?»

ጆሮ ብዙ መልስ ነበረው። ለመኪናዋ አስቤ ነው ሊል ይችላል፣ ለስማችን ፈርቼ ነው ሊል ይችላል። 

«አዎ» አለ። «ደስ አለኝ።»

አንገቷን ነቀነቀች፣ የጠበቀችውን መልስ እንደሰማች ሰው።

«እኔም ስቀናብህ ነው የኖርኩት» አለችው። «አንተ ከመኪና ስር ሆነህ በሽታውን ስትናገር፣ እኔ ብሎን እያጠብኩ፣ ምናለ አንዴ እንኳ እንደሱ በሰማሁ እል ነበር። ስትሳሳት ደስ ብሎኝ አያውቅም እንጂ። ከአንተ ጋር መኖር እችላለሁ፤ ስሳሳት ደስ ከሚለው ሰው ጋር ግን አልሰራም። ይችን መኪና ጨርሼ ወደ ትልቁ ጋራዥ እገባለሁ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት።

«አድርጌልሃለሁ። መሄዴን ግን እሄዳለሁ። መብራቱን ወደዚህ አዙረው።»

መኪናዋን ጨርሳ ሄደች። ጆሮ ብቻውን ይከፍታል፣ ብቻውን ይዘጋል። የመለዋወጫዋን ክፍል ራሱ ሲጠርግ፣ ብሎኑ ሁሉ በመጠን በመጠኑ መደርደሩን ያን ጊዜ አየ። አሁን ትልቁ ጋራዥ ውስጥ ከጎኗ ቆመው መብራት በሚይዙላት ሰዎች ይቀናል፤ ለእነሱ ታስረዳለች፣ እነሱም እሺ ይላሉ።

አንድ ጠዋት ሽማግሌ ነጂ አውቶማቲክ መኪና ይዞ መጣ። ወደ ኋላ ማርሽ ሲያስገባ መኪናው በኃይል ይመታል። ጆሮ አዳመጠ፣ ደግሞ አዳመጠ፣ ድምፁ ግን ምንም አልነገረውም።

«አባባ፣ እኔ ይህን አላውቀውም» አለ።  «ትልቁ ጋራዥ ይሂዱ። ሌላ ሰው እንዳይነካው፣ ሴቷ ትየው ይበሉ።»

ማታ ሚስቱ ቤት ገባች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ራት ቀረበ።

«አንድ ሽማግሌ ልከህልኝ ነበር» አለች።

ጆሮ ምግቡን አላነሳም። እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

«ምን ሆኖ ነው የሚመታው?» አላት።

ለአፍታ አየችው። ከዚያ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ነገረችው፤ ግፊቱ ከየት እንደሚመጣ፣ የትኛው ቫልቭ እንደዘገየ፣ እንዴት እንደለየችው። እያንዳንዱ ቃል ገባው፣ እያንዳንዱም አቃጠለው። ስትጨርስ ሌላ ጥያቄ ጠየቃት።