አማርኛ የተከለከለበት ቅዳሜ

አማቴ ከፃግብጂ ወደ ሰቆጣ የመጡት ለዓይናቸው ነበር። ሆስፒታል ግራ ዓይናቸውን ቀዶ ጥገና ተደርገው፣ በፋሻ ታሽጎላቸው፣ «ለሁለት ሳምንት እንዳያጎነብሱ፣ ጭስ እንዳያገኛቸው» ተብለው እኛ ቤት ገቡ። ዕድሜ ልካቸውን ቁጭ ብለው የማያውቁ ሴት በሐምሌ ዝናብ ሶፋ ላይ ይቀመጡ ተባለ። በሦስተኛው ቀን ከሶፋው ጋር ተጣሉ።

ትምህርት ስለተዘጋ ልጆቼም ቤት ናቸው። ትልቋ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ስድስት። አያታቸውን ይወዷቸዋል፤ ወሬያቸው ግን «እማማ፣ በሉ?» ከማለት አያልፍም። አማቴ አፋቸው የሚፈታው በዋግ አገውኛ፣ በኽምጣና ነው፤ አማርኛቸው ለገበያ ያህል ነው። እኔ ሰቆጣ ከተማ ተወልጄ ስላደግኩ ኽምጣናን ግማሹን እሰማለሁ፣ ልናገር ስል ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ትልቋ ልጄ ትምህርት ቤት ስለምትማረው ከሁላችን ትሻላለች። ባሌ ደግሞ «እኔ እኮ አፌን የፈታሁት በኽምጣና ነው» እያለ ሲኮራ ነው የማውቀው። ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ከተማ አጎቱ ቤት ማደጉን ግን አያነሳም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መብራት ሄደ። ቴሌቪዥኑ ድርግም ሲል ትንሹ አለቀሰ፣ ትልቋ «ደበረኝ» አለች።

«በእኛ ጊዜ ቴሌቪዥን የት ነበር?» አለ ባሌ። «በኽምጣና እየተጫወትን ነበር የምንውለው።»

እናቱ ይሄን ሲሰሙ ከሶፋው ቀና አሉ። «እንግዲያው እንጫወት» አሉ በገበያ አማርኛቸው። «ዛሬ አማርኛ ውጭ ይደር። እዚህ ቤት ውስጥ አማርኛ የተናገረ ፊቱን ከሰል ይቀባል። ቃሉ የጠፋበት በእጁ ያሳይ።»

«ዳኛው ማነው?» አለች ልጄ።

«እኔ ነኛ። የታመምኩት ዓይኔን ነው እንጂ ጆሮዬን አይደለም።»

«ጥሩ፣ እንጀምር!» አለ ባሌ እጁን እያፋተገ።

ያለው በአማርኛ ነበር። ልጄ ከሰል ይዛ መጣችና ግንባሩ ላይ እንቁላል የሚያህል ጥቁር ክብ ሣለችበት።

ቤታችን እንደዚያ ቀን ጸጥ ብሎ አያውቅም። እኔን የመጀመሪያዋ ምልክት ያገኘችኝ ሽሮው ገንፍሎ «ወይኔ!» ስል ነው። «ወይኔ ደግሞ ቋንቋ ነው እንዴ?» ብዬ ተከራከርኩ። የተከራከርኩት በአማርኛ ስለነበር ሁለተኛዋን ጉንጬ ላይ ተቀባሁ። ከዚያ ጨው አለቀብኝ። ባሌ ከሱቅ እንዲያመጣልኝ መዳፌን ልሼ ፊቴን አጨማደድኩ። ሄዶ ሎሚ አመጣልኝ። ራሴን ነቅንቄ እንደገና ላስኩ። አሁን ደግሞ የራስ ምታት ኪኒን ከነውሃው ይዞ መጣ። ልጄ በሳቅ ሆዷን ይዛ የጨውን ስም በኽምጣና ጮክ ብላ ነገረችው፤ እሱም «እሱንማ አውቀዋለሁ!» አለና አፍንጫውን ተቀባ።

ትንሹ በሁለት እግሩ እየዘለለ መጥቶ «ሽንቴ መጣ!» ብሎ ጮኸ። እህቱ ከሰሏን አነሳች። አያትየው ግን እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟትና አንድ ነገር አሉ። በኋላ ልጄ ስትተረጉምልኝ «የሕፃን ሽንት ቋንቋ አይመርጥም» ማለታቸው ነበር። ፍርዱ ጸደቀ፣ ልጁም ሮጠ።

እኩለ ቀን ገደማ ባሌ ለእናቱ የዓይን ጠብታ ሊያደርግላቸው አጠገባቸው ቆመ። እኔ ጭልፋ እንደያዝኩ ከማድ ቤት መጣሁ። ከኋላዬ ለካ ዶሯችን ዝናቡን ሸሽታ ገብታ፣ ለቅሜ ሰፌድ ላይ ያስቀመጥኩትን ምስር ትለቅማለች። ባሌ አየ፤ «ዶሮ» በኽምጣና ምን እንደሚባል ግን ጠፋበት። ጠብታውን እንደያዘ በክርኖቹ ክንፍ ያርገበግብ ጀመር። እኔ ጨዋታ መስሎኝ ጭልፋዬን እያወዛወዝኩ አብሬው ጨፈርኩ። ትንሹም ትከሻውን እየሰበቀ ተቀላቀለን።

ጎረቤታችን በሩን ከፍታ የገባችው ይሄኔ ነው። ምን እንዳየች አስቡት። ፊቱ በከሰል የጠቆረ ባል ዓይናቸው በታሸገ እናቱ ላይ ክርኑን ያራግባል፤ ጉንጯ የጠቆረ ሚስት ጭልፋ ትሰብቃለች፤ ልጁ ይንቀጠቀጣል። አንድም ሰው ድምፅ አያወጣም።

«ምን ሆናችሁ?» አለች። እኔ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። ነጠላዋን ሰብስባ በመጣችበት እግሯ ተመለሰች። ዶሮዋም ምስሩን ጨርሳ ወጣች።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ባሏን ይዛ መጣች። ሽማግሌ ናቸው፤ በሰፈራችን ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ጃንጥላቸውን አጥፈው ተቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በትዳር መካከል ሰይጣን ይገባል፣ ያለ ነው» አሉ። «ልጄ፣ መትተሃታል?»

ባሌ ሁለት እጁን አራገበ።

«አንቺስ? በዚህ በጭልፋው መትተሽዋል?»

ሳቄ እንዳያመልጠኝ አፌን በነጠላዬ ይዤ በአሉታ ራሴን ነቀነቅኩ። እሳቸው ለቅሶ መሰላቸውና «አይዞሽ፣ አይዞሽ» አሉኝ።

በመጨረሻ አማቴ በኽምጣና ጀመሩ። ሁሉንም ነገሩ መሰለኝ፤ መብራቱን፣ ከሰሉን፣ ዶሮዋን። የሽማግሌው ፊት እየተፈታ፣ እየተፈታ ሄደ። ከዚያ እሳቸውም በዚያው ቋንቋ መለሱ፤ መልሳቸው እንደ ወንዝ ይፈሳል። ስምንት ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር አንድ ቀን በኽምጣና ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ለካ የተወለዱት ከአማቴ መንደር የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ነው። ሁለቱ የወንዙን፣ የገበያውን፣ የሞተውንና ያለውን ሰው ስም እየጠሩ ሲጨዋወቱ እኛ ከዳር አየናቸው። አማቴ እጃቸውን እያወናጨፉ ሲስቁ ሳይ፣ ለካ እስከዛሬ ከእኛ ጋር የተቀመጡት እንደ እንግዳ ነበር ብዬ ልቤ ተነካ።

ሽማግሌው ድንገት ወደ ባሌ ዞረው አንድ ጥያቄ ጠየቁት። ባሌ ደረቱን ነፍቶ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ልጄ መሬት ላይ ተንከባለለች።

«ምን ብለውት ነው?» አልኩ ሕጉን ረስቼ።

«‹አምና የጠፋችብኝ አህያ አንተ ነህ ወይ?› ነው ያሉት!» አለች፤ እሷም ረስታ።

«ውይ በሞትኩት!» አለች ጎረቤቴ። በዚያች ደቂቃ ሦስታችንም ጥፋተኞች ሆንን። ሽማግሌው «ሕግ ነው፣ ትቀባ!» ብለው በአማርኛ ፈረዱባትና እሳቸውም ግንባራቸውን ሰጡ።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ከሰዓት ከሰዓት እየመጡ ከአማቴ ጋር ሲያወጉ ይውሉ ነበር። ባሌ ደብተር ገዛ፤ ማታ ማታ ልጁ እያረመችው ቃል ይጽፋል። መኩራራቱንም ለጊዜው ተወ።

አማቴ ዓይናቸው ድኖ የሚሄዱበት ቀን ሚኒባሱ ድረስ ሸኘናቸው። ትንሹ ሳምንቱን ሙሉ ለብቻው የተለማመዳት ዓረፍተ ነገር ነበረችው። በመስኮቱ በኩል አንገቱን አስግጎ በኽምጣና ጮኸ። ተሳፋሪው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። «ቶሎ ይመለሱ» ሊል ፈልጎ «ቶሎ ይሂዱ» ብሎ ኖሯል።

አማቴ በሁለቱም ዓይናቸው እያዩት ፀጉሩን ዳበሱት። «እሺ ጌታዬ፣ ይኸው እየሄድኩ ነው» አሉት፤ ሚኒባሱም ተነሣ።