ያልታጠፈችው ጣት

ቢቸና ጤና ጣቢያ በጤና መኮንንነት በተመደብኩበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት ግራ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው መጡ። ጤፉን ጨብጠው ሲያጭዱ ማጭዱ አዳልጦ የትንሿን ጣታቸውን ሥር ቆርጧቸዋል። ቁስሉ ጠባብ ነው፤ ደሙም ቆሟል። ውጭ ተሰልፎ የሚጠብቀኝ ሰው ብዙ ስለነበር አጥቤ፣ አደንዝዤ፣ በሦስት ስፌት ዘጋሁት። ስፌቱ አምሮልኝ ነበር። "እጅህ ይባረክ" ብለው መረቁኝ።

በአሥረኛው ቀን ክሩን ላወጣ ስቀመጥ ቁስሉ ገጥሟል።

"ልጄ፣ ይቺ ጣት ምን ሆና ነው እምቢ የምትለኝ?" አሉና እጃቸውን ጨበጡ። ሌሎቹ ጣቶች ታጠፉ። ትንሿ ቀጥ ብላ ቀረች።

ጅማቱ ተቆርጦ ኖሯል። የመጡ ዕለት "እስኪ ጣትዎ ይታጠፍ እንደሆነ ያሳዩኝ" ማለት ይበቃኝ ነበር።

"እናቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ውስጡን ሳላይ ቆዳውን ሰፋሁት" አልኳቸው።

እጃቸውን ገልብጠው ገልብጠው አዩት። "አንተም ገና ልጅ ነህ" አሉ በመጨረሻ። ቁጣ ስጠብቅ ይህን ማለታቸው ይበልጥ አንገቴን አስደፋኝ። ጅማት የሚሰፋ ሐኪም ወዳለበት ወደ ባሕር ዳር ብጽፍላቸውም አልሄዱም። "አዝመራው ሜዳ ላይ ነው፤ ማን ይሰበስብልኛል?" አሉ። ጣቷ እንደዚያው ቀረች።

ከዓመታት በኋላ ሞጣ ተዛውሬ ሳለ፣ አንድ ሸምገል ያሉ ልብስ ሰፊ መዳፋቸውን መስታወት ቆርጧቸው መጡ። አውራ ጣታቸውን እንዲያጥፉ ብጠይቃቸው ጫፏ አልነቃነቅ አለች።

"ባሕር ዳር ዛሬውኑ መሄድ አለብዎት፣ አባባ።"

"ለዚህች ጭረት? ሰፍተህ ልቀቀኝ እንጂ! ነገ ገበያ ነው።"

ወንበሬን አስጠግቼ ቢቸና ላይ የሠራሁትን ስህተት ነገርኳቸው። የሴትዮዋን ስም አላነሳሁም፤ የራሴን ጥፋት ግን አልሸሸግሁም። አውራ ጣታቸውን እንደገና ሊያጥፉ ሞከሩ፤ አልሆነም።

"እንግዲያው ጻፍልኝ" አሉ።

እጃቸውን በመደገፊያ አስሬ በከሰዓቱ መኪና ላክኋቸው። ጅማቱ በማግስቱ ተሰፋላቸው። ጣታቸው እንደ ድሮው ባትሆንም፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ሱቃቸው ጎራ ስል መቀስ ይዘው ጨርቅ እየቆረጡ አገኘኋቸው።