በፍልሰታ የመጣ አክታ

ይህ ነገር የገጠመኝ የዛሬ ሦስት ዓመት በፍልሰታ ጾም ነው። በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ፤ ብዙውን ረስቼዋለሁም። ይኸኛው ግን ነሐሴ በገባ ቁጥር እየመጣ ይቆጠቁጠኛል፤ መለስ ብሎ ደግሞ ያስቀኛል። ብጽፈው ይቀለኛል ብዬ ነው የተነሳሁት።

ነርስ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁትም የምሠራውም ቢቸና ነው። ያን ክረምት በከተማውና በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች ለሚካሄድ የቲቢ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ሥራችን በር ለበር እየሄድን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስለውን ሰው መፈለግ ነው። ከተገኘ ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ እንሰጠዋለን። በማግሥቱ ጠዋት ከእንቅልፉ እንደተነሳ ከደረቱ ስቦ ያወጣውን አክታ ይተፋባታል፤ እኛ ወስደን እናስመረምራለን። ቲቢ ከተገኘበት መድኃኒቱን በነፃ ይጀምራል።

ሰው ሁሉ ግትር ይለኛል፣ እናቴን ጨምሮ። አንድ ነገር ከያዝኩ ችክ እላለሁ። ለዚህ ሥራ ግን ችክ የሚል ሰው ነው የሚያስፈልገው፤ አክታውን ወድዶ የሚሰጥ ሰው ብዙ የለማ።

ቄስ ይባቤ ቤት የደረስኩት ዝናብ ሲያወርደው ነው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቁጥብ፣ ንግግራቸው ለስለስ ያለ ቄስ ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ጥላዬን ተቀብለው አስገቡኝ። ሞጣ ያገባችው ልጃቸው ጥሩወርቅም ልጇን ታቅፋ ልትጠይቃቸው መጥታ ነበር። እሷ ሞጣ ላይ በርበሬ ነጋዴ ናት። በማግሥቱ ወደ ቤቷ እንደምትመለስ ነገረችኝ። ጥናቱ የሚመለከተው የቤቱን ነዋሪዎች ብቻ ስለሆነ እሷን ከሰላምታ በቀር ምንም አልጠየቅኋትም። ሳል ሳል ሲያደርጋት እናቷ «የበርበሬው ነገር ነው» አሉ፤ እኔም በልቤ ልክ ነዎት አልኩ።

ቄስ ይባቤ ግን ከሰኔ ጀምሮ እንደሚያስላቸው ነገሩኝ። ዕቃዋን አውጥቼ ሰጠኋቸውና እንዴት እንደሚደረግ አስረዳሁ። በእጃቸው ይዘው አገላበጧት።

«እሺ ልጄ። በዚህ ዝናብ እስከዚህ ከመጣሽማ» አሉኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ስሄድ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። እትዬ ዘውዴ ዕቃዋን በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ። ከፈት አድርጌ ሳየው ወፍራም፣ በደንብ የመጣ አክታ ነው። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ብዙው ሰው ምራቁን ብቻ ቱፍ ብሎ ስለሚሰጠን፣ እንዲህ ያለ ናሙና ስናገኝ ሥጋ በቅናሽ የገዛን ያህል ነው የምንደሰተው።

ውጤቱ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ቲቢ አለ። ከቅዳሴ እስኪመለሱ ጠብቄ ቤታቸው ገባሁ።

«አባ፣ የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቷል። ግን አይደንግጡ፤ መድኃኒቱን በሥርዓት ከወሰዱ የሚድን በሽታ ነው» አልኳቸው።

እትዬ ዘውዴ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ቄስ ይባቤ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም።

«በዚያች ዕቃ ውስጥ ባለው ነው የተገኘው?»

«አዎ፣ አባ።»

«የሌላ ሰው አክታ እንዳይሆን?»

«የርስዎ ነው። በእጄ ተቀብዬ በእጄ ነው ያደረስኩት።»

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለምጄዋለሁ፤ ውጤቱን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንን ነው። ቀጥለው የጠየቁኝ ግን ከሌላው ሰው የተለየ ነበር።

«ሕፃን አጠገብ የሚተኛ ሰውስ? ሕፃኑን ይይዘዋል?»

«ሊይዘው ይችላል። በሕፃን ላይ ደግሞ ይከፋል። ለዚህ እኮ ነው መድኃኒቱ ቶሎ የሚጀመረው። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ እጠብቅዎታለሁ።»

«ይሁን» አሉ። የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ሰንብተው ነው የደነገጡት ብዬ አዘንኩላቸው።

በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ብጠብቅ ብጠብቅ የሉም። ቤታቸው ሄድኩ።

«ሞጣ ሄደዋል» አሉኝ እትዬ ዘውዴ።

«በፍልሰታ? ቅዳሴውን ጥለው?»

«አዎ። ሳይነጋ ነው የወጡት።» ሌላ ምንም ሊነግሩኝ አልፈለጉም፤ ዓይናቸው ግን ሲያለቅስ እንዳደረ ያስታውቃል።

ደሜ ፈላ። መድኃኒት ፈርተው ሸሹ አልኩ በልቤ። በዚህ ዝናብ መስኮቱ ሁሉ በተዘጋ ሚኒባስ ውስጥ ሰው መሃል ተቀምጠው እያሳሉ፣ ያውም ሕፃን ያለበት ቤት! የጥናቱ አስተባባሪ ጋ ደወልኩ። ሞጣ ከጥናቱ አካባቢ ውጭ ስለሆነ፣ ጠፍተዋል ብዬ መዝግቤ ወደሚቀጥለው ቤት እንዳልፍ ነገረኝ።

«የጠፋው በሽተኛ እንጂ በግ አይደለም እኮ» አልኩት።

«በግም ቢሆን ሞጣ ድረስ የምትሄጅበት አበል የለም» አለኝና ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ልጅቷ የምትኖርበትን ሰፈር ከእትዬ ዘውዴ በግድ ጠይቄ፣ ጨርቄን ማቄን ሳልል መነኻሪያ ሄድኩ። በዚያ ሰሞን መኪና እንደልብ አይገኝም ነበር። አንዱ ሚኒባስ ሊወጣ ሲል ተጋፍቼ ገባሁ። ደብረ ወርቅን አልፈን ጭቃ ላይ ቆምን፤ ወርደን ገፋን። ጫማዬ አንዱ ተበጠሰ። እኔም መንገዱን ሙሉ ለቄስ ይባቤ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነበር፤ ብዙም የሚያምር ንግግር አልነበረም።

ሞጣ ስደርስ ከሰዓት ሆኗል። «የቢቸናው ቄስ ልጅ፣ በርበሬ ነጋዴዋ» እያልኩ ጠይቄ ቤቱን አገኘሁት። በሩ ክፍት ነው። ጥሩወርቅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ባሏ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ቄስ ይባቤ ሕፃኑን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ይዘው ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። ሰላምታም አልሰጠሁ። ቀጥ ብዬ ሄጄ ሕፃኑን ከእጃቸው ነጠቅሁና ለእናቱ አስታቀፍኳት።

«አባ፣ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? ሊይዘው ይችላል ብዬ አልነገርኩዎትም?» አልኩ።

ቄስ ይባቤ አልተቆጡም። ሕፃኑን አዩት፣ ልጃቸውን አዩዋት፣ ከዚያ እኔን።

«ልጄ፣ የሰጠሽው ለታማሚዋ ነው» አሉኝ። «ያ አክታ የኔ አይደለም። የጥሩወርቅ ነው።»

ዞር ብዬ ጥሩወርቅን አየኋት።

«የመጣሽ ለት ቆርቤ ነበር። በማግሥቱም እቆርባለሁ። በፍልሰታ በየቀኑ ነው። የቆረበ ሰው ደግሞ ምራቁን አይተፋም። አይሆንም እንዳልልሽ በዚያ ዝናብ መጥተሽ እንዴት አሳፍርሻለሁ አልኩ። ይሉኝታ ያዘኝ። ይቺ ደግሞ ‹እኔም ያስለኝ የለ፣ እኔ እሞላልዎታለሁ› አለችኝ። እሺ አልኩ። ዋሸሁሽ።»

የቆረበ ሰው እንደማይተፋ እኔም ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እናቴ ቆርባ ስትመጣ አፏን ይዛ ነው የምትውለው። ግን ዕቃዎቹን ይዤ በየቤቱ ስዞር አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ያውም ልጅቷ አጠገቤ ስታስል ሰምቼ እንግዳ ናት ብዬ አልፌያታለሁ። በርበሬ የተሞላ ጆንያ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። አፈርኩ፣ ተናደድኩም። መናደዴ በሳቸው ይሁን በራሴ አላወቅሁም።

«ለምን ትናንትና አልነገሩኝም?»

«ለራሷ ሳልነግራት ለሌላ ልናገር? በስልክስ የሚነገር ነው? ቅዳሴው ቄስ አያጣም።»

ነገሩ እዚያ አላለቀም። በአባቷ ስም በመጣ ውጤት እሷ መድኃኒት ልትጀምር አትችልም። ሆስፒታል ሄዳ በራሷ ስም መመርመር አለባት። ይህንን ስነግራት ጥሩወርቅ እንባዋን ጠርጋ ፊቷን አጠቆረች።

«አልሄድም» አለች። «እዚህ ከተማ የማያውቀኝ የለም። ቲቢ አለባት ከተባለ ማን በርበሬዬን ይገዛል? ቀስ ብዬ ባሕር ዳር ሄጄ እታያለሁ።»

«መቼ?»

«ክረምቱ ሲወጣ።»

ባሏን አየሁት። «እሷ ያለችው ይሁን» አለ ቀስ ብሎ። እሱም ፈርቷል።

እኔ እንደ ልማዴ ጀመርኩ። ሕፃኑን አሳየኋት፣ የመድኃኒቱን ነገር አስረዳሁ፣ ቆየት ብዬ ተቆጣሁ፣ ለመንኩም። በተናገርኩ ቁጥር ሕፃኑን ጥብቅ አድርጋ እየያዘች ወደ ውስጥ ትሸሻለች። ችክ ማለት የማይሠራበት ቦታ እንዳለ ያን ቀን አየሁ።

«ተይ ሲስተር» አሉኝ ቄስ ይባቤ። «ያችን ዕቃ ይዘሻል?»

ከቦርሳዬ ሁለት አውጥቼ ሰጠኋቸው። አንዷን ልጃቸው እግር ሥር አስቀመጡ፤ ሌላይቱን ይዘው ተነሱ።

«ዛሬ አልቆረብኩም» አሉ። ጥላቸውን ዘርግተው ወደ ጓሮ ወጡ።

ሁላችንም ሳላቸውን እንሰማለን። ከባድ ሳል ነው፤ ለሽማግሌ ሰው ያደክማል። ጎረቤት የነበረች ሴት በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ምን ሆኑ አባ?» ስትል ሰማኋት። «አክታ እየሰጠሁ ነው ልጄ፤ ለቲቢ ምርመራ» አሏት፣ ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ። ተመልሰው ሲገቡ ክዳኑን ገጥመው ዕቃዋን ከልጃቸው ዕቃ አጠገብ አኖሯት።

«እኔም ያስለኛል። አብረን ሄደን አብረን እንታያለን። ማፈር ካለም አብረን እናፍራለን» አሏት።

ጥሩወርቅ እግሯ ሥር ያለችውን ዕቃ አየቻት። ከዚያ ሕፃኑን ለባሏ ሰጠችና ዕቃዋን አንስታ ወደ ጓሮ ወጣች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ።

የሳቸው ውጤት ነፃ ሆነ፤ ሳላቸው የብሮንካይትስ ነበር። የሷ ቲቢ ነው። ሕፃኑ ተመርምሮ በሽታው አልተገኘበትም፤ እንዳይዘው የሚከላከል መድኃኒት ጀመሩለት። ቄስ ይባቤ ግን ወደ ቢቸና አልተመለሱም። ልጃቸው የመጀመሪያውን የሁለት ወር የመድኃኒት ጊዜ እስክትጨርስ ሞጣ ተቀመጡ። ጠዋት ጠዋት ጥላቸውን ይዘው ሆስፒታል ያደርሷታል፣ ስትውጥ አይተው ይመልሷታል። ቄስ ከሆኑ ጀምሮ ፍልሰታን በቤተ ክርስቲያናቸው ሳይጨርሱ የቀሩት ያን ዓመት ብቻ ነው። ደንበኞቿ ጥቂቶቹ ቀሩ። አንዳንዱ ቆይቶ ተመለሰ፣ አንዳንዱ በዚያው ቀረ። እሷ ግን መድኃኒቷን አላቋረጠችም።

እኔ ደግሞ ቢቸና ተመልሼ አስተባባሪውን ቁም ስቅሉን አሳየሁት። የፍልሰታው አክታ የማን እንደሆነ ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም አልኩት። እውነትም ስንጠያይቅ አንዱ የጎረቤቱን፣ አንዷ የባሏን ሰጥተውን ተገኙ። ጾሙ ሲፈታ ያንኳኳኋቸውን በሮች እንደገና ዞሬ አንኳኳሁ። በዚህኛው ዙር እንግዳውንም፣ ሊጠይቅ የመጣውንም፣ ቤት ውስጥ ያገኘሁትን ሁሉ «ያስልሃል ወይ?» እለው ነበር።

ጥሩወርቅ መድኃኒቷን ጨርሳ መዳኗ ከተነገራት በኋላ ቄስ ይባቤን ቢቸና ገበያ አገኘኋቸው። ደስ ብሏቸው ሰላም አሉኝ። እኔም ያጽናናኋቸው መስሎኝ «አባ፣ ያን ቀን እውነቱን ተናግረው ዕቃዋን ባዶዋን ቢመልሱልኝ ኖሮ እኮ ልጅዎን ማንም አያገኛትም ነበር» አልኳቸው።

ፈገግታቸው ጠፋ።

«ስለ ውሸቴ የንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጥተውኝ ፈጽሜአለሁ። ስለ ልጄ ደግሞ አመስግኛለሁ። ሁለቱን አታደባልቂብኝ» አሉኝና መርቀውኝ ሄዱ።

እኔ ግን እስከ ዛሬ አደባልቃለሁ። ሕፃኑን ከደህናው ሰው ነጥቄ ለታመመችው ያስታቀፍኩበት እጄ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ሆኜ እንኳ ፊቴ ይቀላል። እናቱ በሕይወት መኖሯን ሳስብ ደግሞ ያ ኀፍረት ባይደርስብኝ ኖሮ አልልም። ነገ አንድ በሽተኛ ሞጣ ሄዷል ቢሉኝ፣ ተሳስቼም ቢሆን እሄዳለሁ።