ሻምፒዮኑ ዳጉ የሰጠ ጊዜ

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር ከአዋሽ ተነስተን ሰመራ ስንገባ። አባቴ አዋሽ ጣቢያ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር፤ ባቡሩ መምጣቱን እየተወ ሲሄድ ጣቢያው ውስጥ ከእሱና ከፍየሎች በቀር የሚንቀሳቀስ ጠፋ። ሰመራ አንድ መሥሪያ ቤት የጥበቃ ሥራ ሲገኝለት ፍራሻችንን ጠቅልለን በተሳቢ መኪና ተጫንን። ሰመራ ያኔ ምን ልበላችሁ፣ ጥቁር ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ቢሮ ነው። ዛፍ የለ፣ ጥላ የለ፤ ነፋሱ ራሱ ፊት ይለበልባል። እናቴ የጅቡቲው መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይታ ለሹፌሮች ሻይና ምግብ መሸጥ ጀመረች።

ሻምፒዮኑን ያወቅነው በዚያች ክፍል ነው። ከብት ከሚያረቡ የአፋር ቤተሰቦች የተወለደ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቅ ድምፅ የሌለው ሰው ነበር። አዲስ አበባ ሄዶ የደጋ ሯጮችን ጥሎ ረጅሙን ርቀት አሸነፈ። ከዚያ በፊት፣ "ቆላ ሯጭ አያወጣም፣ እዚያ ሳንባው ይቀልጣል" እያሉ ይስቁበት ነበር። መስመሩን አልፎ መሬት ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሱጁድ ሲወርድ በቴሌቪዥን ያየ የሰመራ ወጣት ሁሉ በማግስቱ አስፋልት ላይ ወጣ። የአፋሩም፣ የወሎውም፣ ጥጥ ሊለቅም ዱብቲ የመጣው የወላይታውም ልጅ ገና ሳይነጋ ከተሳቢዎቹ ጋር እየተጋፋ ይሮጣል። ሹፌሮቹ ክላክስ እየነፉ፣ "ሎጊያ ድረስ ላድርስህ?" እያሉ ያላግጣሉ።

ታላቅ ወንድሜ አዋሽ ሳለን ጫቱን ታቅፎ ሐዲድ ላይ ነበር የሚውለው። ሻምፒዮኑ፣ "የሚቅም ሰው ከእኔ ጋር አይሮጥም" አለ፤ ወንድሜም ተወው። አባቴ በልመናም በቀበቶም ያላስተወውን። ሻምፒዮኑ መንገድ ዳር ሶላቱን ሲሰግድ ወንድሜ ጫማውን ይዞለት ይቆማል። አንድ ቀን፣ "አንተስ የምትጸልየው መቼ ነው?" ብሎ ጠየቀው። ወንድሜ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ረቡዕና ዓርብን መጾም ያዘ። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ፣ "በማርያም፣ የንስሐ አባቱን ያቃታቸውን ይሄ እስላም ሯጭ አደረገልኝ" ትል ነበር።

አንድ ከሰዓት ሻምፒዮኑ ሻይ ይዞ ሳለ አንድ ሽማግሌ አፋር ገባ። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀመጡና ዳጉ ጀመሩ። ዳጉ ማለት አፋርና አፋር ሲገናኝ የሚለዋወጠው ወሬ ነው፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ሞተ፣ ማንን መንገድ ላይ አየህ፣ ምን ሰማህ። አንዱ ተናግሮ እስኪጨርስ ሌላው "ኢህ፣ ኢህ" እያለ ይሰማል፤ ከዚያ ተራው የእሱ ነው። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ዝንብ ገባበት።

"ሌላ ልቅዳልህ እንጂ" አለችው እናቴ ሲጨርሱ። "ይሄን ሁሉ ምን አወራችሁ?"

"ያየሁትን ነው፣ እናቴ። በዳጉ ያዩትን ማስቀረት የለም፣ ያላዩትን መጨመርም የለም። በዳጉ የዋሸ ሰው ማን ውኃ ያሳየዋል?"

"ታዲያ ሚስጥር የት ነው የምታስቀምጡት?"

"የሚጠይቀኝ እስኪመጣ ሆዴ ውስጥ" አለና ያንን ድምፅ የሌለው ሳቁን ሳቀ። እኛም ሳቅን።

በድሉ ጊዜ ከተማው አቀባበል አድርጎለት ነበር። ድንኳን ተጥሎ ባለሥልጣኖቹ ተቀምጠው ድምፅ ማጉያ ሰጡትና፣ "ምን ይደረግልህ?" አሉት። ቤት ወይም መኪና ይላል ብለን ጠበቅን። እሱ ግን፣ "የአገዳ እርሻው የዘጋብንን የከብት መውረጃ ክፈቱልን። ከብቶቻችን ወንዙን እያዩ በጥም እየሞቱ ነው" አለ። ከኋላ የቆሙት ወጣቶች አጨበጨቡ፤ ከፊት የተቀመጡት አላጨበጨቡም። ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ ሮጠው ሲጨርሱ ወሬያቸው ሁሉ ስለዚያ መውረጃ ሆነ።

እርሻው አዲሱን የመስኖ ቦይ ሲያስመርቅ ሩጫ አዘጋጀ፤ ሻምፒዮኑ ከፊት ሊመራ። በዋዜማው እኛ ቤት ተሰብስበው እንሩጥ አንሩጥ ሲከራከሩ ወንድሜ ምስሩን እየጠቀለለ፣ "ሮጠን እዚያ መውረጃው ጋ ስንደርስ ደክሞን ለምን አንቀመጥም? የደከመውን ሰው ማን ምን ይለዋል?" አለ። ለቀልድ ያለው ነበር። ሻምፒዮኑ ግን አየውና፣ "እንቀመጣለን" አለ።

ተቀመጡም። መውረጃውን የዘጋው አጥር ጋ ሲደርሱ ሻምፒዮኑ ጫማውን ፈትቶ አቧራው ላይ ተቀመጠ፤ የተከተለው ሁሉ ተቀመጠ። የመጨረሻው መስመር ላይ ሪባን ይዘው የቆሙት ሰዎች ማንም ሳይመጣ ፀሐይ በላቻቸው። በዚያ ቀን ማንም አልተነካም። አባቴ ብቻ ማታ ከሥራ ሲመለስ፣ "የባለሥልጣኖቹ ዝምታ ደስ አላለኝም፤ ሐሳቡ የማን እንደሆነ እየተጠያየቁ ነው" አለ። ወንድሜንም፣ "አዋሽ አክስትህ ጋ ሂድ" አለው። ወንድሜ እምቢ አለ። የተቀመጠው ብዙ ሰው ነው፣ ማን ለይቶ ያውቀኛል አለ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ረፋድ ላይ ሻምፒዮኑ ከሰርዶ በኩል እየሮጠ መጣ። ልምምድ አልነበረም፤ አሯሯጡ ያስታውቃል። በሩ ላይ ቆሞ፣ "እናቴ፣ ልጅሽ የታለ?" አለ።

"ዱብቲ ሄዷል። ምነው?"

"ሰርዶ መንገድ ላይ አንድ የእኛ ሰው አገኘኝ። ሽርጥ ያገለደመ፣ ዱላ የያዘ። ዳጉ ጠየቀኝ፤ ተቀመጥን። የተቀመጣችሁት በማን ሐሳብ ነው አለኝ። ነገርኩት። ከዚያ ተነስቶ የባለሥልጣኖቹ ነጭ መኪና ውስጥ ሲገባ አየሁት።"

እናቴ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ማማሰያውን ይዛ ቀረበችው።

"ስሙን ነገርከው?"

"ነገርኩት።"

"እኔ ነኝ አትልም? መዋሸት አቃተህ?"

"ዳጉ ነው፣ እናቴ" አለ። እንባው ከላቡ ጋር ይወርድ ነበር።

አባቴ ሲነገረው የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ወደ ዱብቲ ሮጠ፤ ሻምፒዮኑም ተከተለው። አልደረሱበትም። ወንድሜን ሎጊያ ላይ ከሚኒባስ አውርደው እንደወሰዱት አንድ ረዳት ነገራቸው። ሻምፒዮኑ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔን እሰሩኝ" አለ። እነሱ ግን፣ "አንተ አገር ያስጠራህ ሰው ነህ፣ ሂድና ልምምድህን ሥራ" ብለው በር ዘጉበት።

አልሠራም። ወንድሜ እስኪፈታ ጫማ አላጠልቅም አለ። ለውድድር ሊወስዱት ከአዲስ አበባ ሰዎች መጡ፤ መለሳቸው። የዓመቱ ውድድር ያለ እሱ ተደረገ፤ ሬዲዮው ስሙን ማንሳት ተወ። ማለዳ አስፋልቱ ላይ የሚሮጠውም እየሳሳ ሄደ። አንዳንዱ ፈርቶ፣ አንዳንዱ ጫቱ ናፍቆት። እሱ ግን በየቀኑ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ እየመጣ እኛ በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። እናቴ ሻይ አትሰጠውም፤ እሱም አይጠይቅም። ሹፌሮች፣ "ያ ሻምፒዮን አይደል እንዴ?" ሲሉ፣ "ነበር" ትላቸዋለች። አባቴ በየእስር ቤቱ ደጃፍ እየዞረ ስንቅ ያቀርባል፤ "እዚህ የለም" ይሉታል፤ ስንቁን ይዞ ይመለሳል። ያንን የተመለሰ ምግብ ማንም አፉ ላይ አላደረገውም።

ዓመት አልፎ ከዝናቡ ወራት በኋላ አንድ ተሳቢ በራችን ላይ ቆመ። ወንድሜ ወረደ። በአንድ እግሩ ነው የሚረግጠው፤ ሌላው ይጎተታል። እሱ መሆኑን ያወቅኩት በማተቡ ነው ብል አላጋነንኩም። እናቴ የያዘችው ሰሃን ከእጇ ወደቀ።

ወንድሜ ወደ እኛ ከመግባቱ በፊት ድንጋዩ ላይ የተቀመጠውን ሰው አየ። ሻምፒዮኑ ተነሳና እጁን ዘረጋ። ወንድሜ እጁን ያዘውና እግሩን በእጁ ደግፎ አጠገቡ ተቀመጠ። በአፋርኛ ዳጉ ጀመረ፤ ቋንቋውን አብረው ሲሮጡ ሻምፒዮኑ ነበር ያስተማረው። ሻምፒዮኑ መሬት መሬቱን እያየ፣ "ኢህ" ይላል። አባቴና እናቴ ቋንቋውን አያውቁም፤ እኔ ትንሽ እሰማለሁ፣ ግን በጣም ዝቅ አድርጎ ነበር የሚናገረው። ፀሐይዋ ከድንጋዩ ላይ እስክትሸሽ ተናገረ። በመካከል ሻምፒዮኑ ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ፤ ወንድሜ ግን አላቆመለትም።

ሲጨርስ ገባ፣ እጁን ታጠበ፣ በላ። እናቴ፣ "ምን አደረጉህ፣ ልጄ?" አለችው። "ደህና ነበርኩ" አላት። አባቴም ጠየቀው፤ ያንኑ መለሰለት። እስከ ዛሬም ለእኛ ያለን ይኸው ብቻ ነው።

እግሩ ትንሽ ሲጠናለት ገላፊ ሄዶ ድንበሩ ላይ ሥራ ያዘ። ወረፋ ለሚጠብቁ መኪናዎች የጭነት ሸራ ያስራል።