የዘለልኳቸው መስመሮች

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ልጅ ሕሊና የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ስምንተኛ ክፍል ናት። አንድ አጭር ታሪክ አንብባ ከሥሩ ያሉትን ጥያቄዎች መመለስ አለባት፤ ቲሙ ማለት ጭብጡ ምንድን ነው፣ ፕሎቱ ማለት የታሪኩ ሴራ እንዴት ይሄዳል፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ምን ዓይነት ሰው ናት። ሁሉንም ጨርሳ የመጨረሻው ላይ ቆመች።

«አያቴ፣ ደራሲው ያልጻፈውን እኛ ግን የተረዳነውን ጻፉ ይላል። ካልጻፈው እንዴት አድርገን ነው የምንረዳው?» አለችኝ።

ልስቅ ብዬ ሳቁ አፌ ላይ ቀረ። ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ያልተጻፈውን ከተጻፈው መረዳት፣ ኢንፈረንስ የምትባለዋን ነገር ለስንቱ ልጅ ሰሌዳ ላይ ጽፌ እንዳስረዳሁ እግዜር ይወቀው። ሕሊና ስትጠይቀኝ ግን ልቤ መንዝ ሄደ።

መሐል ሜዳ በምትባል የመንዝ ከተማ ስምንተኛ ክፍል ስማር ነው። ቤታችን ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ይርቃል። ጠዋት ስነሳ ውርጩ ሜዳው ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል፤ ጣቴ ደንዝዞ ደብተሩን እንኳ በወጉ አልይዘውም። እናቴ ትኩስ የገብስ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ትሰጠኛለች፣ እሱን በብብቴ ይዤ እየሞቅሁ እሄዳለሁ፤ ትምህርት ቤት ስደርስ ቀዝቅዟል፣ ያን ጊዜ እበላዋለሁ። ከሴት ስምንተኛ የደረስነው ሦስት ብቻ ነበርን። የሚኒስትሪን ፈተና ያለፈ ደብረ ብርሃን ሄዶ ሁለተኛ ደረጃ ይገባል፤ የወደቀ እዚያው ይቀራል። ከእኛ ቀዬ ደብረ ብርሃን ሄዳ የተማረች ሴት እስከዚያ ጊዜ አልነበረችም። እኔ እሆናለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። አይ ልጅነት፣ ሌላ ምንም አይታየኝም ነበር።

አባቴ ቄስ ዘነበ የቀዬው ካህን ነበሩ። በየወሩ በታቦቱ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ድርሳን የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸውን ለመስማት ብሎ ሁለት ገደል ወርዶ ወጥቶ የሚመጣ ሰው ነበር። ታዲያ እኔ ሰባተኛ ክፍል ስገባ ዓይናቸው እየደከመ ሄደ። ደብረ ብርሃን ወርደው መነጽር ቢገዙም አልረዳቸውም። ይህን የምናውቀው እናቴና እኔ ብቻ ነን። በዋዜማው መጽሐፉን ከነማኅደሩ ወደ ቤት ያመጡታል፤ ማኅደር ማለት በትከሻ የሚንጠለጠል የቆዳ ከረጢቱ ነው። እኔ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደጃፉ መደብ ላይ ተቀምጬ አነብላቸዋለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው መስመር በመስመር ከአፌ ይይዙታል። በማግስቱ መጽሐፉን ገልጠው ቆመው በቃላቸው ይሉታል፤ ገጹን ሳይቀር በጊዜው ይገልጡታል። ሕዝቡ የሚያነቡ ነው የሚመስለው።

ማንበብ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። በእሳቸው ትምህርት ቃል አይዘለልም፤ አንዲት ፊደል ከሳትኩ ከአናቱ ያስጀምሩኛል። ደግሞ ለአንድ ቃል ሁለት ሦስት ፍቺ ይሰጡታል፤ «አንድም» እያሉ። አንዱ ፍቺ ሌላውን አያፈርሰውም፤ ሁሉም ትክክል ነው።

የእንግሊዝኛ መምህራችን አቶ መኮንን ግን ሌላ ዓለም ይዘውልን መጡ። ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላኩ የአዲስ አበባ ልጅ ናቸው፤ ብርዱ ፈጃቸው፣ ካፖርታቸውን ክፍል ውስጥ እንኳ አያወልቁም። ቲም፣ ፕሎት፣ ሴቲንግ የሚባሉትን ቃላት መጀመሪያ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። የመጀመሪያውን መለማመጃ ፈተና ሲመልሱልን ቀይ በቀይ ሆኖ አገኘሁት። የምንባቡ ዋና ሐሳብ የትኛው ነው በሚለው ሁሉ ላይ ሁለት ሁለት መልስ አክብቤ ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው ሁለት የምታከብቢው?» አሉኝ።

«ሁለቱም ያስኬዳሉ፣ መምህር። አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ» አልኳቸው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ወደ ማታ አስጠሩኝና ረጋ ብለው ነገሩኝ፤ «አስካለ፣ እዚህ ፈተና ላይ ትክክሉ አንድ ብቻ ነው። ሌላው ችግርሽ ደግሞ ቀርፋፋነትሽ ነው። እያንዳንዱን ቃል እየተሳለምሽ ነው የምታነቢው፤ በዚህ አካሄድ ሰዓቱ አልቆ ግማሹ ላይ ትቀሪያለሽ። የአንቀጹን መጀመሪያና መጨረሻ አንብቢ፤ መካከሉ ማብራሪያ ነው፣ ዓይንሽን አሳልፊው። ካልሆነ ትወድቂያለሽ፤ እኔ አላባብልሽም።»

ትወድቂያለሽ የሚለው ቃል እንቅልፍ ነሳኝ። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ መጀመሪያና መጨረሻውን እያነበብኩ መካከሉን መዝለል ተለማመድኩ፤ የሱቅ መጠቅለያ ጋዜጣ ሳይቀር። ለአባቴ ስነግራቸው ፂማቸውን እየዳሰሱ አዳመጡኝና «መካከሉን ማን ሊያነበው ነው ታዲያ?» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

የግንቦት በዓል ዋዜማ ደረሰ። ፈተናው አንድ ወር ተኩል ቀርቶታል። ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ እንደ ልማዳቸው መደቡ ላይ ማኅደሩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቁኛል፤ እናቴ በሩ ጎን ምስር ትለቅማለች። በዚያ ወር የሚነበበው የአንዲት መበለት ታሪክ ነው። ረጅም ነው። ዓይኔ መጽሐፉ ላይ፣ ልቤ ደብተሬ ላይ። መበለቲቱ በሯን ዘግታ ስታለቅስ አነበብኩ፤ ከዚያ ዓይኔን አሳለፍኩና ወደ መጨረሻው ሄድኩ፣ ቆማ ስታመሰግን። አንድ ገጽ ተኩል ያህል ዘልያለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ተሳስቼ አይደለም። ፀሐይዋ ሳትገባ ደብተሬን ለማንበብ ብዬ ነው። አባቴ ከአፌ ይዘውት «ተባረኪ» አሉኝ። ብድግ ብዬ ሄድኩ።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። አባቴ መጽሐፉን ገልጠው ጀመሩ። ያ ድምፃቸው! መበለቲቱ በሯን ዘግታ አለቀሰች ካሉ በኋላ ዝም አሉ። ሰዉ ቀና ቀና አለ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ቆሜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ መጽሐፉን ዘጉ፣ ተሳለሙት፣ ለአጠገባቸው ካህን ሰጡ።

«ወገኖቼ» አሉ፣ «ዓይኔ ከድቶኛል። ሳላይ የማይ መስዬ ቆሜባችኋለሁና ይቅር በሉኝ። ከእንግዲህ ሌላ ሰው ያንብብላችሁ።»

ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ፤ አንዳንዶቹ አለቀሱ። እኔ ሳላስፈቅድ ሮጬ ቤት ገባሁ። ሲመጡ እግራቸው ላይ ወድቄ ልናገር ነበር። አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ዓይኔ ነው፣ አስኩ። ያንቺ ንባብ ምን ጎድሎት?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ሳያውቁ ቀሩ ብዬ፣ አፍሬም ደስ ብሎኝም፣ ዝም አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዋዜማ ላይ የሚጠራኝ አልነበረም፤ እስኪጨልም ደብተሬን አነባለሁ። ፈተናው ላይ አንድ ረጅም ምንባብ መጣ። ጸሐፊው በግልጽ ያልተናገረውን ምረጡ የሚል ጥያቄም ነበረው፤ ሳላመነታ አንዱን አከበብኩ። አለፍኩ። መስከረም ላይ በጭነት መኪና ከእህል ጆንያ በላይ ተቀምጬ ደብረ ብርሃን ገባሁ። አባቴ እስከ መኪናው ሸኝተውኛል፤ ስንነሳ እጃቸውን የሚያውለበልቡልኝ እኔ ወዳለሁበት ሳይሆን ወደ ሌላ አቅጣጫ ነበር።

ለእረፍት ስመለስ በታቦቱ ቀን ሌላ ካህን ሲያነብ አየሁ። አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከሕዝቡ ጋር ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ያኔም አልተናገርኩም።

እውነቱን የሰማሁት አባቴ ባረፉ በአርባቸው ዕለት ነው፤ እኔ ያን ጊዜ አስተማሪ ሆኛለሁ። ድንኳኑ ፈርሶ ሰዉ ሲበተን እናቴ ባዶውን ማኅደር አምጥታ እቅፌ ላይ አኖረችው።

«ያን ጊዜ ታሪኩን ዘልለሽ ስታነቢ እኔም ሰምቼሻለሁ እኮ» አለችኝ። ፊደል ያልቆጠረች እናቴ! ታሪኩን በየዓመቱ ስትሰማ ኖራ በጆሮዋ ይዛዋለች። «አንቺ ተነስተሽ ስትሄጂ፣ ቄሱ፣ ልጅቱ መካከሉን ትታዋለች እኮ አልኳቸው። ሰምቻለሁ አሉኝ። ታዲያ ጠርተው አያስደግሟትም ብላቸው ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ተያት፣ ልቧ ሄዷል፤ እኔ ነኝ እግሯን ይዤ የቀረሁት። ነገ እለቃታለሁ አሉ።»

ማኅደሩን አቅፌ እዚያው መደቡ ላይ አለቀስኩ። የአባቴ ለቅሶ የዚያን ቀን ነው የወጣልኝ።

ይህን ሁሉ ለሕሊና ነገርኳት። እርሳሷን ነክሳ አዳመጠችኝ። የቤት ሥራዋ ላይ የቀረው ባዶ መስመር አንድ ነው።

«ታዲያ ‹ዓይኔ ነው› ሲሉሽ ያላሉሽ ነገር ምን ነበር?» አለችኝ።

«ሂጂ ነው ያሉኝ» አልኳት። «እኔ ግን አምልጬ የሄድኩ መስሎኝ ነበር።»