ለባባ በረኛ የተጨበጨበ ቀን

ሻንጣዬን እየጎተትኩ ከክፍሌ ስወጣ ቤተሰቡ በሙሉ ኮሪደሩ ላይ ተሰልፎ ጠበቀኝ። ማዳም፣ ባሏ፣ አምስቱ ልጆች... ግማሹ በዚህ ግድግዳ፣ ግማሹ በዚያ። በሩ ጋ ደግሞ ባባ በተሽከርካሪ ወንበራቸው።

ሊፈትሹኝ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት።

ሪያድ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። እዚያው ነሲም ሰፈር ስንቷ እህቴ በመውጫዋ ቀን ሻንጣዋ ሳሎን መሃል ተዘርግፎ፣ የውስጥ ልብሷ ሳይቀር ተገላብጦ ነው የወጣችው። የኔ ጉድ ደግሞ... ሻንጣዬ ውስጥ የቤቱ ዕቃ ነበረበት።

ነገሩ ወዲህ ነው። በፈረንጆቹ 2013 ስገባ ሥራዬ የማዳምን አባት መንከባከብ ነበር። ባባ ነው የምንላቸው። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ይዞባቸው፣ አንደበታቸውም ከብዶ፣ በቀን አሥር ቃል ቢናገሩ ነው። ምግብማ ጭራሽ እምቢ። አፋቸው የሚከፈተው የእንግሊዝ ኳስ ሲታይ ብቻ ነበር። ኳሷ ወደ ጎል ስትጠጋ እሳቸው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ እኔ ማንኪያውን እከታለሁ። ጎል የበዛበት ቀን ሳህኑ ባዶ ይሆናል። ዜሮ ለዜሮ የወጡ ቀን ማዳም እኔን ትቆጣለች።

እኔ ስለ ኳስ ምንም አላውቅም ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ግን አላስችል አለኝና ጠየቅኩ።

«ባባ፣ ያ አረንጓዴ የለበሰው ሠራተኛቸው ነው?»

ምን ላድርግ... ሌሎቹ አንድ ዓይነት ለብሰዋል፣ እሱ ብቻውን ሌላ። እነሱ ሲጫወቱ እሱ ቆሞ ይጠብቃል። እዚያ ማዶ ጎል አግብተው ሲተቃቀፉ ማንም እሱ ጋ አይመጣም። የሆነ ነገር ሲበላሽ ግን ሁሉም ዞሮ የሚያየው እሱን ነው። ይኼ ሠራተኛ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

ባባ ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሳቅ የሚባል አያውቁም ነበርና ማዳም ትን ያላቸው መስሏት ከማድቤት በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች።

ከዚያ ወዲያ የሰውዬው ነገር የሁለታችን ጉዳይ ሆነ። ለካ በረኛ ነው የሚባለው። ስንት ዓመት ጃኬት ለብሶ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ኖሮ፣ ዋናው በረኛ እጁን ሲጎዳ ነው የገባው። ይኼን ሁሉ ባባ በቁርጥራጭ ቃል ነው ያስረዱኝ። አንዳንዴ ኳስ ያመልጠዋል፣ ሕዝቡ ያፏጭበታል፣ እኔ እንባዬ ይመጣል። በሳምንቱ ፍጹም ቅጣት ምት ያድናል፣ ባባ በደህናው እጃቸው የወንበራቸውን ክንድ ይደበድባሉ። ማጨብጨባቸው ነው።

አንድ ቀን ማዳም ከሠርጓ ጀምሮ ያስቀመጠችውን ብርጭቆ ሰበርኩ። ጩኸቷ ጣራውን ሊነቅለው ሲል ባባ እጃቸውን አነሱ።

«አንድ... ብቻ ነው... የገባባት» አሉ።

ማዳም ምን እንደሚሉ አልገባትም። እኔ ማድቤት ገብቼ እየሳቅኩ አለቀስኩ።

በሦስተኛው ዓመት በረኛው ኳስ ሊያቆም ሆነ። ዕድሜው ገፍቶ ነበር፣ ወጣት በረኛም መጥቶበታል። የመጨረሻ ጨዋታው ሲያልቅ የሁለቱም ቡድን ልጆች ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ እያጨበጨቡ በመሃላቸው አሳለፉት። የባባ ዓይን እንባ አቀረረ። የኔም ኹሩጅ፣ ማለቴ የመውጫ ወረቀቴ፣ ያለቀው በዚያው ሳምንት ነው። ደሴ እናቴ ብቻዋን ናት፣ መሄዴ ግድ ነበር። ግን ማንኪያውን ማን ይይዝላቸዋል እያልኩ ሰነበትኩ።

ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ ባባ ከትራሳቸው ሥር አረንጓዴ ማሊያ ጎትተው ሰጡኝ። እንግሊዝ አገር የሚማረው የልጅ ልጃቸው የላከላቸው የበረኛው ማሊያ ነው።

«ባባ፣ ይኼማ የእርስዎ ነው» ብላቸው «ኸላስ»፣ በቃ ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ማንም አላየንም።

እና ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የታየኝ ያ ማሊያ ነው። ሌባ ተብዬ ልወጣ ነው። በቀን አሥር ቃል የሚናገሩ ሰው እንዴት ብለው ይመሰክሩልኛል?

ሳይጠይቁኝ ልቅደም ብዬ ተንበረከክኩና ሻንጣውን ከፈትኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ማዳም።

«ፈትሹኝ» አልኳት።

ማሊያው ከላይ ነበር። ማዳም አንስታ ዘረጋችው፣ አየችው፣ ወደ አባቷ ዞረች። ባባ አፋቸውን ከፈቱ። ቃሉ እስኪመጣላቸው ድረስ ጠበቅኩ።

«የበረኛ... ነው። እሷም... በረኛ ናት። ዝጊው... ልጄ።»

ማዳም ማሊያውን አጣጥፋ ራሷ ሻንጣዬ ውስጥ መለሰችው።

«ወላሂ ሊፈትሽሽ የቆመ የለም» አለችኝ። «አባዬ ከጠዋት ጀምሮ በሁለት መስመር ቁሙ እያለ ሲያስቸግረን ነበር። ለምን እንደሆነ እኛም አልገባንም።»

እኔ ግን ገባኝ።

ባባ በደህናው እጃቸው የወንበሩን ክንድ መምታት ጀመሩ። ትንሿ ልጅ ተከትላ አጨበጨበች፣ ከዚያ ሌሎቹ፣ ከዚያ ማዳምና ባሏ። ሻንጣዬን ዘግቼ በመሃላቸው አለፍኩ። መንገዱ አይታየኝም ነበር፣ ዓይኔ ሞልቷል። በሩ ጋ ስደርስ የባባን ጉልበት ሳምኩና ወደ ማዳም ዞርኩ።

«ማንኪያውን የምትሰጫቸው ኳሷ ወደ ጎል ስትጠጋ ነው» አልኳት። «ቀድመሽ ከሰጠሻቸው አይበሉልሽም።»

«ኢንሻአላህ» አለች። እሷም እያለቀሰች ነበር።

በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት እንደገባብኝ እኔ ነኝ የማውቀው... እነሱ ግን አጨብጭበው ነው የሸኙኝ።