የረፋድ እንግዳ

ከሎጋዋ ጋር አብረን የኖርነው ሁለት ዓመት ለማይሞላ ጊዜ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት አልጋና አንድ ጠረጴዛ የያዘች ክፍል ነበረችን፤ መስኮቷ የጎረቤት ሕንጻ ግድግዳ እንጂ ሌላ ነገር አታሳይም። እኔ ነርስነት ነበር የምማረው፣ እሷ ስታቲስቲክስ። በር ስታልፍ ጎንበስ ማለት ስለነበረባት፣ ከአገር አብረናት የሄድን ተማሪዎች "ሎጋዋ" እንላት ነበር።

ቁጥብ ልጅ ነበረች። ሰው ለመልመድ ጊዜ ይፈጅባታል። በሄድንበት ከተማ ደግሞ ሰው ከሰው የሚገናኘው እሁድ ረፋድ ላይ ነው። ለቁርስ የረፈደ፣ ለምሳ ያልደረሰ ገበታ አላቸው፤ ብራንች ይሉታል። ከአራት ሰዓት ጀምሮ ሕዝቡ ካፖርቱን ደርቦ፣ ሕፃኑን በጋሪ እየገፋ ካፌ በር ላይ ይሰለፋል። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን የሆነ ነገር በነፃ የሚታደል መስሎኝ ልሰለፍ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሎጋዋ እሁድ በመጣ ቁጥር አንድ አዲስ ካፌ ትሞክራለች። ብቻዋን ነው የምትሄደው። ሸሚዟን ተኩሳ፣ ጫማዋን ወልውላ ትወጣና ስምንት ሰዓት ላይ ትመለሳለች። እውነቱን ለመናገር፣ "ደላት!" ብዬ በሆዴ አምቻታለሁ። ነገሩ የገባኝ ለአባቷ ስትደውል ስሰማ ነው። የስልኳ ማዳመጫ ተበላሽቶ ስለነበር ስፒከር ላይ አድርጋ ነው የምታወራው። ክፍሏ አንድ ናት፤ ላለመስማት የት እሄዳለሁ?

አባቷ በአንድ ትልቅ ሆቴል የቁርስ አዳራሽ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት በአስተናጋጅነት ሠርተዋል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከአዳራሹ አንስተው የጠረጴዛ ልብስ የሚታጠፍበት ጓዳ ውስጥ መደቧቸው። ጡረታ የወጡትም ከዚያው ከጓዳ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ አንደበታቸው ተቆጠበ። ስለ ትምህርቷ ሲጠይቋት፣ "እንዴት ነው?"፣ "ደህና ነው አባባ" ተባብለው ያበቃል። ወሬው ስለ ካፌ ሲሆን ግን ሰውዬው ሌላ ሰው ይሆናሉ።

"እሺ፣ ስኒውን እንዴት አድርጎ አስቀመጠልሽ?"

"እጀታው ወደ ቀኝ ዞሮ።"

"ጎሽ! ሳህኑን ሲያመጣስ አውራ ጣቱ የት ነበር?"

"ጠርዙ ላይ። ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል መሰለኝ።"

"አይ!" ይላሉ፣ ሰው የሞተባቸው ይመስል። "ምነው፣ የሚነግረው ሰው የለም?"

አንድ ቀን፣ "እዚህ እኮ እንቁላሉ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ፎቶ ያነሱታል፣ አባባ" አለቻቸው።

"እንቁላሉን?"

"እንቁላሉን።"

"ጉድ ነው! ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሳቀርብ፣ አንድም ቀን ፎቶ አንሱኝ ያለ እንቁላል አልገጠመኝም።"

እሷ ሳቀች፣ እኔም ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ሳቅኩ። በዚያች ክፍል ከልብ የተሳቀበትን ቀን ቁጠሪ ብባል ከዚያ ብዙ አልርቅም።

እንዲህ እያለች ከተማውን አዳረሰችው። ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያለውን፣ ማንም የማይፈልገውን ጠረጴዛ ትይዝና አንድ ቡና አዝዛ ሁሉን ታያለች። ድሮ ጋራዥ የነበረ ካፌ አገኘች፤ ዳቦውን የሚያቀርቡት ሳንቃ ላይ ነው። ("ሳህን አልቆባቸው ነው?" አሉ አባቷ።) ወተት የምታፈላ ሴት ስኒው ላይ በአረፋው ቅጠል ስትስል አየች። ቡናው በሚዛን ተመዝኖ፣ ደቂቃው በሰዓት ተይዞ የሚንቆረቆርበት፣ እንግዶቹ ቤተ መጻሕፍት የገቡ ያህል በሹክሹክታ የሚያወሩበት ቤትም ነበር። እዚያ ማንም አላናገራትም። የትም ቢሆን ሰው አናግሯት አያውቅም፤ ከአስተናጋጅ በቀር።

እኔ ያላየሁት ሌላው ነገር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ትምህርት ወደቀች። በሁለተኛው ዓመት ክፍል መግባት አቆመች። ቦርሳዋ ሰኞ የተቀመጠበት ቦታ ዓርብም አለ። ጠዋት ስወጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ እተዋታለሁ፤ ማታ ስመለስ እንደዚያው ናት።

"ተነሺ እንጂ፣ ምን ሆነሻል?"

"ራሴን አሞኝ ነው።"

እሁድ ሲመጣ ግን ትነሳለች፣ ትታጠባለች፣ ሸሚዟን ትተኩሳለች። እኔም "ተሻላት" እላለሁ። የሰው ሕመም ልማር ባሕር ተሻግሬ ሄጄ፣ አጠገቤ የተኛችውን ሳላያት ቀረሁ።

ብርዱ በጠናበት ወር ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ መጣላት። ከትምህርት ታግደሻል ይላል። ዘረጋችልኝ፤ አንብቤ መለስኩላት።

"ለአባትሽ ምን ልትያቸው ነው?" አልኳት።

"ምንም" አለች። "ምን ብዬ? ጓዳ ያስገቡት ቀን እንኳ፣ 'ግድ የለም፣ ትንሿ ልጄ ትማርልኛለች' ነው ያለው።"

የሚያሳዝነው፣ በዚያው ሰሞን አባቷም መዘንጋት ጀምረው ነበር። ስለ አንዱ ስኒ ሁለት ጊዜ፣ ቆይቶም ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ። አብራቸው የምትኖረው ታላቅ እህቷ፣ ጠዋት ጠዋት ነጭ ኮታቸውን ለብሰው "ሥራ ረፈደብኝ" እያሉ በር ላይ እንደሚቆሙ ነግራታለች።

ከደብዳቤው ሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ፣ እንደ ልማዷ ደወለች። እህቷ አነሳችና፣ "ዛሬ ደህና አይደለም፤ ግን ልስጥሽ" አለቻት።

"አባባ፣ እኔ ነኝ። ዛሬ የሄድኩበት ካፌ . . ."

አባቷ ሰምቼው በማላውቀው ጥሩ፣ የተስተካከለ ድምፅ፣ "እንኳን ደህና መጡ። ስንት ሆነው ነው?" አሉ።

ሎጋዋ ቀና ብላ አየችኝ።

"አባባ፣ እኔ ነኝ እኮ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አዳራሹ ስለሚጮህ በደንብ አልሰማሁዎትም። ብቻዎን ነዎት?"

አባቷ "አንቺ" ሳይሉ ሲያናግሯት ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር። ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

"አዎ" አለች። "ብቻዬን ነኝ።"

"እንግዲያው መስኮት አጠገብ ላስቀምጥዎት። ፀሐይ አለ።"

"ደስ ይለኛል።"

"ምን ልታዘዝ?"

"ቡና። ሁለት የተቀቀለ እንቁላል።"

"ስንት ደቂቃ ይቀቀልልዎት?"

"እርስዎ የሚሻለውን ያድርጉ።"

"እንደዚያ ከሆነ አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ ካለፈ ይደርቅብዎታል።"

እኔ ስልኩን ትዘጋለች ብዬ ጠበቅሁ። አልዘጋችም። "ልጆች አሉዎት?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"ሁለት፣ እግዜር ይመስገን። ትልቋ ከኔው ጋር ናት። ትንሿ ውጭ አገር ትማራለች።"

"ምን ትማራለች?"

"ቁጥር ነው ብለውኛል። እኔ አይገባኝም። ግን ጭንቅላት አላት።"

"ትደውላለች?"

ከወዲያ በኩል የሆነ ዕቃ ሲነሳና ሲቀመጥ ይሰማል።

"ትምህርት ይበዛባታል" አሉ። "እኛም አንረብሻትም።"

አንድም እሁድ ሳትደውል ቀርታ አታውቅም ነበር። ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። አባቷ አሁንም መስመር ላይ ናቸው። "ቡናዎን አሁን ላምጣልዎት ወይስ ከምግቡ ጋር?" ይላሉ። ይጠብቃሉ። መልሰው ይጠይቃሉ። የሚመልስላቸው ሲጠፋ ጎንበስ አልኩና፣ "ከምግቡ ጋር ይሁን" አልኳቸው።

"እሺ፣ እመቤቴ" አሉ።

በሦስተኛው ቀን አገር ቤት ልትመለስ ልብሷን መሰብሰብ ጀመረች። "ትንሽ ታገሺ፣ ይግባኝ በይ፣ አስተማሪሽን አነጋግሪ" ብዬ ለመንኳት። "ማን ነኝ ብዬ?" አለች። ከቁጣም ከለቅሶም ያልሆነ፣ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘኋት። ባቡሩ ውስጥ ገብታ ከተቀመጠች በኋላ ወደ መስታወቱ አልዞረችም።

እሷ ከሄደች በአምስተኛው ሳምንት በስሟ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ከፈትኩት። ጉዳይሽ በድጋሚ ታይቷል፤ በሃያ አንድ ቀን ውስጥ ቀርበሽ ከተመዘገብሽ ዓመቱን መድገም ትችያለሽ ይላል። ለእኔ ሳትነግረኝ አመልክታ ኖሯል ወይስ አንድ አስተማሪ አዝኖላት ነው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በማግሥቱ ደወልኩ። እህቷ ናት ያነሳችው፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው።

"ቁርስ ላይ ናቸው" አለችኝ። "እሷ ከመጣች ወዲህ እኮ አባባ ነፍስ ዘራ። ጠዋት ጠዋት ወንበር ስቦ ያስቀምጣታል። ባዶ ሳህን ያመጣላታል፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ ቆማ ልትይዝለት አትሞክርም፣ ዝም ብላ ትጠብቀዋለች። ማን እንደሆነች ግን አያውቅም። ልጥራልሽ?"

ከጀርባዋ የሳህን ድምፅ ይሰማኛል። ሎጋዋ፣ "ዛሬስ ምን አላችሁ?" ስትል ሰማኋት።

"አይ፣ ተያት" አልኩ። "ደህንነታችሁን ልጠይቅ ብዬ ነው።"

እንደገና ልደውል አስቤ ነበር። ዛሬ ነገ ስል፣ ስለ ደብዳቤው ሳልነግራት ሃያ አንዱ ቀን አለቀ። አባቷ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ወር ኖሩ። እኔ ተመርቄ ሥራ ያዝኩ። እሷ አገር ቤት አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ትመድባለች፤ ወደ ትምህርት አልተመለሰችም፣ ስለ ትምህርትም አታነሳም።

አንድ ጊዜ ብቻ አንስታለች፣ ባለፈው ወር። ስለ ወዲያ ወዲህ ስናወራ ቆይተን፣ "አንቺ፣ ያኔ ትንሽ ብታገስ ኖሮ ይመልሱኝ ነበር እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አይመስለኝም" አልኳት።